ደረጃው ነው ወይስ ደሙ? በእርግዝና ጊዜ ድካም ሲበረታ

ጥያቄ፦ «ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ዓመት ከሰባት ወሩ ነው፤ ጡት የጣለውም በቅርቡ ነው። ድካሙ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳልደርስ ልቤ ድው ድው ይላል፤ ቆሜ ካላረፍኩ መቀጠል አልችልም። ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልማል። ለሰው መናገር አፍሬ ነው እንጂ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸተኝ መብላት ያምረኛል። ጤና ጣቢያ አይረን ሰጥተውኝ ነበር፤ ሰገራዬ ሲጠቁር ደንግጬ ተውኩት። አማቴም ክኒኑ ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ያከብድብሻል ይላሉ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ቀይ ስር ጠጪ፣ ካልሆነ ክሊኒክ ሄደሽ ግሉኮስ ይሰኩልሽ ይሉኛል። በየቀኑ ጤፍ እየበላሁ ደም እንዴት ያንሰኛል? ልመርመር ወይስ እርግዝናው ነው ብዬ ልቻለው?»

መልስ፦ እህታችን፣ ተመርመሪ። የሚቀጥለውን ቀጠሮሽንም አትጠብቂ፤ በዚሁ ሳምንት ሂጂ። እርግዝና እንደሚያደክም እናውቃለን። ነገር ግን ደም ያነሳት እናትም፣ ደሟ ደህና ሆኖ እንቅልፍ ያጣች እናትም «ደከመኝ» ነው የሚሉት፤ ከአነጋገራቸው መለየት አይቻልም። የሚለየው የላብራቶሪ ቁጥር ነው፤ እሱም ከጥቂት ደም ይገኛል።

ከደብዳቤሽ ይበልጥ ያሳሰበን ድካሙ የመጣበት ጊዜ ነው። የእርግዝና ድካም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይበረታል፣ ከዚያ ጋብ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ሆድ ሲከብድ ይመለሳል። አንቺን የባሰብሽ ግን ቀለል ሊልሽ በሚገባው ጊዜ ነው። ደረጃ ላይ ልብ መምታቱም፣ ብድግ ስትዪ ዓይንሽ መጨለሙም፣ የአፈር አምሮቱም አንድ ላይ ሲታዩ የብረት ማዕድን (አይረን) እጥረትን ያስጠረጥራሉ። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ልጅሽ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ነው ያረገዝሽው። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ቆይቶ ማርገዝን የሚመክርበት አንዱ ምክንያት፣ ሰውነት ባለፈው እርግዝናና ወሊድ ያጣውን መልሶ እንዲያከማች ነው። አንዲት እናት በአንድ እርግዝና ውስጥ ለራሷ ደም፣ ለእንግዴ ልጁና ለፅንሱ በጠቅላላው ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል። አንቺ ማከማቻው ሳይሞላ ነው ሁለተኛውን የጀመርሽው።

የአፈሩ አምሮት አያሳፍርም። ብዙ ነፍሰ ጡሮችን የሚያጋጥም ነገር ነው፤ የብረት እጥረቱ ሲታከም አምሮቱም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። ግን አትብዪው። አፈር የአንጀት ትል እንቁላል ይዞ ይገባል፣ በምግብ ያገኘሽውንም ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ለአዋላጇ ሳትሸሽጊ ንገሪያት፤ ለእሷ ጠቃሚ ምልክት ነው።

ስትሄጂ «ድካም ድካም ይለኛል» ብቻ ብለሽ አትመለሺ። አዋላጇ እሱን በቀን ከብዙ እናቶች ትሰማዋለች። እዚህ የጻፍሽውን ንገሪያት፦ ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደምትቆሚ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደባሰብሽ፣ ክኒኑን መቼ እንዳቋረጥሽ፣ በመጀመሪያው ወሊድ ብዙ ደም ፈሶሽ ከነበረ እሱንም። ቀጥለሽ ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) እንዲታይልሽ ጠይቂ። የእርግዝና ክትትል በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። የጤና ጣቢያው ማሽን ካልሠራ ወይም መመርመሪያው ካለቀ ወደ ሌላ እንዲልኩሽ ጠይቂ፤ ግል ላብራቶሪ ከሄድሽም ውጤቱን ይዘሽ ወደ ክትትል ቦታሽ ተመለሺ። የቀድሞ ካርድሽን አትርሺ፤ በመጀመሪያው ጉብኝት የተጻፈ ቁጥር ካለ የዛሬው ከእሱ ጋር ይነጻጸራል።

ለዚህ ምርመራ ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም። ቁርስሽን በልተሽ፣ ውሃ ጠጥተሽ ሂጂ፤ ሰልፍ ላይ ቆመሽ እንዳይጥልሽ። ደሙ ከክንድ ከተወሰደ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ክዳኑ ሐምራዊ የሆነ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። «ደሙ ረግቷል፣ ድጋሚ እንውሰድ» ቢሉሽ አትደንግጪ፤ ብልቃጡ በደንብ ስላልተገላበጠ ነው እንጂ ያንቺ ደም ችግር ኖሮበት አይደለም። ከጣት የሚወሰድ ከሆነ የመጀመሪያው ጠብታ ይጠረጋል፤ ጣት በኃይል ተጨምቆ የወጣ ደም ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ስለሚደባለቅ ቁጥሩን ያዛባል። እጅሽ ከቀዘቀዘ አስቀድመሽ አሽተሽ አሙቂው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ክንድ ላይ ታስሮ የሚለካው ደም ግፊት ነው። «ደምሽ ዝቅ ብሏል፣ ጨው ላሺ» ተብለው ደም ማነሳቸውን የተነገራቸው የሚመስላቸው እናቶች ብዙ ናቸው። ግፊቱ ዝቅ ያለ ሰው ደሙ ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ ደም ያነሰውም ግፊቱ ደህና ሊሆን ይችላል። የዓይንን የታችኛውን ቆብ ገልጦ ማየትም ቢሆን ጥርጣሬን ያጠናክር እንደሆን እንጂ ምርመራን አይተካም፤ ቀለል ያለ ደም ማነስ ዓይን ላይ አይታይም።

አሁን ወረቀቱን እናንብበው። የምትፈልጊው ሄሞግሎቢን የሚለውን መስመር ነው። ማሽኑ ከጎኑ የሚያትመው «ጤናማ» ልክ ብዙውን ጊዜ ላላረገዘች ሴት ስለሆነ «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት አይተሽ ብቻ አትደንግጪ። በእርግዝና ጊዜ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ከቀይ የደም ሕዋሳት በልጦ ይጨምራል፤ ወጥ ላይ ውሃ ሲጨመር እንደሚቀጥነው ደሙም ይቀጥናል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር ደም ማነስ የሚባለው በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በአንድ ዴሲ ሊትር (100 ሚሊ ሊትር) ደም ከ11 ግራም በታች ሲሆን ነው፤ አንቺ ባለሽበት በመካከለኛው ጊዜ ደግሞ ከ10.5 በታች። ከ7 በታች ከባድ ነው፤ ሆስፒታል ያስኬዳል። ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሕዋሳት ከደሙ የያዙት ድርሻ በመቶኛ) ብቻ ከሰጡሽ ለሦስት አካፍይው፤ 33 ማለት ወደ 11 ግራም ነው።

ግን እነዚህ ልኮች ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ለማይል አገር የወጡ ናቸው። እናንተ ሰፈር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ በመሥራት ያካክሳል። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ከፍታው ታስቦ ልኩ ከፍ እንዲል ይመክራል፤ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከፍታ ጭማሪው 1 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በለጥ ያለ ነው። ይህ ማለት 11.3 ወይም 11.5 ወጥቶልሽ «ደህና ነሽ» ብትባዪ ነገሩ ያለቀ ላይሆን ይችላል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ደገኞች ሄሞግሎቢን ከፍታውን ተከትሎ እንደ ሌሎች ደጋ ሕዝቦች እንደማይጨምር ያሳየ ጥናት አለ። ስለዚህ በ10.5 እና በ12 መካከል ላለ ቁጥር የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ቁጥሩን ብቻ ይዞ አለመከራከር፣ ከምልክቶችሽ ጋር ማየት፣ ከተቻለ ፌሪቲን ማስመርመር። ፌሪቲን የብረት ማከማቻው ምን ያህል እንደቀረ ይናገራል፤ ብዙ ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር ከ30 በታች ሲሆን ማከማቻው እያለቀ ነው ብለው ያክማሉ። ጉንፋን ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሲኖር ውጤቱ በሐሰት ከፍ ስለሚል ታመሽ ከነበረ ተናገሪ። ግል ላብራቶሪ ካልሆነ በቀላሉ አይገኝም፤ ባይገኝም ሕክምናው እሱን ጠብቆ አይቆምም።

ሙሉው የደም ቆጠራ ከተሠራልሽ ኤም ሲ ቪ የሚለውንም እዪው፤ የቀይ የደም ሕዋሱ መጠን ነው። ከ80 በታች ከሆነ ሕዋሶቹ አንሰዋል፤ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ከ100 በላይ ከሆነ ደግሞ የፎሌት (ፎሊክ አሲድ) ወይም የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ይጠረጠራል። ሁለተኛው በተለይ ለረጅም ጊዜ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ያልቀመሱትን ይመለከታል፤ አይረን ብቻውን አያሽረውም። በዚያው ጉብኝት የሰገራ ምርመራ ጠይቂ፤ የመንጠቆ ትል በባዶ እግር በኩል ገብቶ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ከሦስት ወር በኋላ ስለሆንሽ ለትል የሚሰጠውን መድኃኒት በጤና ባለሙያ ትእዛዝ መውሰድ ትችያለሽ። የኮሶ ፍሬ ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት ግን በፍጹም፤ ለፅንሱም ላንቺም አደገኛ ነው። በቅርቡ ወባ ወዳለበት ቆላ ሄደሽ ከነበረም ተናገሪ።

ወደ ክኒኑ እንምጣ፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። የሰጡሽ ክኒን በአብዛኛው 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ያለው ነው። ደም ላላነሳት እናት በቀን አንድ፣ መከላከያ ነው። ደም ማነስ ሲረጋገጥ ብዙውን ጊዜ በቀን 120 ሚሊ ግራም ማለትም ሁለት ይታዘዛል፤ ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ወደ አንድ ይመለሳል። መጠኑን ራስሽ አትወስኚ፤ ያቋረጥሽውን አንዱን ግን ክኒኑ ቤትሽ ካለ ከዛሬ ማታ ጀምረሽ መመለስ ትችያለሽ።

የሰገራ መጥቆር የሚጠበቅ ነው፤ አንጀት ያልመጠጠው ብረት ነው የሚያጠቁረው። የሚያሳስበው እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ፣ ከወትሮው የተለየ የሚከረፋና የሆድ ሕመም ያለበት ከሆነ ነው። አማትሽ ያሉት ለአንቺ ከማሰብ የመጣ ነው፤ ሆኖም አይረን ልጅን ከልክ በላይ አያገዝፍም። ልጅን የሚያገዝፈው በአብዛኛው ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር ሕመም ነው። አይረን የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ልጁ ያለጊዜው እንዳይወለድና ክብደቱ እንዳያንስ ያግዛል፣ ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀምበትን ስንቅ ያስይዘዋል። ለአንቺ ደግሞ በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈስሽ የምትቋቋሚበት አቅም ነው። ለአማትሽ ይህን የመጨረሻውን ንገሪያቸው፤ ወሊድ ያየ ሰው የደም መፍሰስን አደጋ ያውቀዋል። የሚቻል ከሆነ ለምርመራው አብረውሽ ይሂዱ፤ ከአዋላጇ አፍ ሲሰሙት ይለያል።

አይረን የሚሻለው ባዶ ሆድ ላይ በውሃ፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን ተጨምቆበት ሲወሰድ ነው። የሚያቅለሸልሽሽ ከሆነ ማታ ልትተኚ ስትዪ ከትንሽ ዳቦ ወይም ቂጣ ጋር ውሰጂው፤ ጥቂቱ ቢቀንስም ጭራሽ ከመተው ይሻላል። ከወተት፣ ከካልሲየም ክኒንና ከቃር መድኃኒት ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቂው። ሆድ ድርቀት ካስቸገረሽ ውሃ አብዢ፣ ጎመንና ፍራፍሬ ብዪ፤ ካልተሻለሽ የክኒኑን ዓይነት እንዲቀይሩልሽ ጠይቂ እንጂ አታቋርጪ። አንድ ቀን ከረሳሽ በማግስቱ እጥፍ አትውሰጂ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀን እንለምንሻለን፦ ክኒኑን ልጅሽ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው፣ ቢቻል ቆልፈሽ። ከረሜላ የሚመስሉት እነዚያ ክኒኖች ጥቂቶቹ እንኳ ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ሕፃን ሊገድሉት ይችላሉ። ከዋጠ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጂው።

ስለ ጤፍ የጠየቅሽው ጥሩ ጥያቄ ነው። ጤፍ በላብራቶሪ ሲለካ ብረቱ ብዙ ነው። ነገር ግን አውድማ ላይ ሲወቃ አብሮት የሚገባ አፈር ብረቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ያን ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። የእህሉ የራሱ ብረትም ፋይቴት በሚባል ነገር ተይዟል። በእርሾ በደንብ መቡካቱ ፋይቴቱን ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ሊጥ ተቸኩሎ ከተጋገረው ይሻላል። የጎደለውን የሚሞላው አብሮ የሚበላው ነው። ምስር ወጥ ወይም ሽሮ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ጥሬ ቲማቲም በቃሪያ ሰላጣ ከጎኑ ይኑር፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስመጥጠዋል። ሥጋ ባገኘሽበት ቀን ትንሽም ብትሆን ትረዳለች፤ የሥጋ ብረት በቀላሉ ይመጠጣል፣ የእህሉንም ያግዛል። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ግን እስክትወልጂ ይቅር፤ ኮሶም ሆነ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ በዚያ ነው የሚመጣው። ጉበት ብረቱ ብዙ ቢሆንም ቫይታሚን ኤው ከልክ በላይ ስለሆነ በእርግዝና ጊዜ እንዲበዛ አንመክርም።

ቡናሽን ተዪ አንልሽም፤ ሰዓቱን ቀይሪው እንጂ። ከምግብ ጋር ወይም ምሳ እንደተበላ የሚጠጣ ቡና የምግቡን ብረት በእጅጉ ይይዘዋል፤ ሻይ ደግሞ ከቡናም ይብሳል። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ግን ይህን ጉዳት አላሳየም። ስለዚህ ቡናው ከምሳ በፊት ይፈላ፣ ወይም ከምሳ ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ፤ አንቺ አቦሉን ጠጥተሽ ቶናና በረካውን ለጎረቤት ልቀቂ። የጾም ወቅት ከሆነ ንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፤ ነፍሰ ጡር መሆንሽንና ደም ማነሱን ንገሪያቸው፣ እንደ ሁኔታሽ ያሰናብቱሻል።

ቀይ ስር ደህና አትክልት ነው፤ ፎሌት አለው። ቀለሙ ደም ስለሚመስል ደም ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ ብረቱ ጥቂት ነው። ግሉኮስ ደግሞ ውሃና ስኳር ነው። ለአንድ ቀን ብርታት የሚሰጥ ቢመስልም አንድም ቀይ የደም ሕዋስ አይጨምርም፤ ገንዘቡን ለፌሪቲን ምርመራ አውይው። በደም ሥር የሚሰጥ የአይረን መድኃኒት የተለየ ነገር ነው፤ ክኒን ለማይስማማት ወይም ወሊዷ ለተቃረበ እናት ሐኪም አይቶ በሆስፒታል የሚያዘው ነው።

ሕክምናውን ከጀመርሽ ከአራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢንሽ ይደገም። ወደ 1 ግራም ያህል ከጨመረ መንገዱ ትክክል ነው። ካልጨመረ ክኒኑ በትክክል ተወስዷል ወይ፣ ከቡና ከሻይ ተራርቋል ወይ፣ ትል ወይም ሌላ የደም መፍሰስ አለ ወይ፣ እጥረቱ የብረት ነው ወይስ የቢ 12 የሚለው ይታያል። ሄሞግሎቢንሽ ከመጀመሪያውም ደህና ሆኖ ከተገኘ ደግሞ «ምንም የለብሽም» ተብለሽ አትመለሺ፤ ሽንት፣ ስኳር፣ ግፊትና እንቅርት ይታይልሽ። ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ዕንባ ዕንባ ማለት ካለም ተናገሪ፤ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ድብርትም እንዲህ ያደክማል፣ ይታከማልም።

እስከዚያው ውሃ በጀሪካን አራተኛ ፎቅ የምታወጪ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ የባልሽ ሥራ ይሁን፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ደረጃውን ስትወጪ በየፎቁ ተቀመጪ፤ ከአልጋ ስትነሺ መጀመሪያ በጎንሽ ዞረሽ፣ ቁጭ ብለሽ፣ ከዚያ ቁሚ።

ተቀምጠሽ እያለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ ደም ከፈሰሰሽ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታና ከፊት እብጠት ጋር ከመጣብሽ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ በማንኛውም ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በርሽ ላይ ጻፊው። የልጁ እንቅስቃሴ ከለመድሽው ከቀነሰም እንዲሁ።

ውጤቱ ሲደርስሽ ቁጥሩን፣ የተመረመርሽበትን ሳምንትና የታዘዘልሽን መጠን ጽፈሽ ላኪልን፤ አብረን እናየዋለን።